የተከደነ መሶብ

በደጋው ሰሜን ሸዋ፣ ችግር ለገባበት ቤት ከመጋረጃም ከአጥርም የሚሻለው ሽፋን ጾም ነው። ሁዳዴ ከገባ 55 ቀን ሙሉ «ቅቤው የታል?» የሚል ጎረቤት የለም። ሽሮው ቢቀጥን ጾም ነው፤ አባወራው ቢጠቁር ጾም ነው፤ እናት «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም» ብላ ድርሻዋን ለልጆቿ ብታሳልፍ ትመሰገናለች እንጂ አይታዘንላትም። ያለውም የሌለውም ከአንድ ዓይነት ወጥ ያጠቅሳል። ሽፋኑ የሚገፈፈው በትንሣኤ ሌሊት ነው። ዶሮ ሲጮኽ የማን ቤት ቁሌት እንደሸተተ፣ የማን ቤት ዝም እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ድህነቱን ከሰው ዐይን ስለሚሸሽግ ቤተሰብ ፊልም እጽፋለሁ የሚል ሰው ከዚህ የተሻለ አጽም የሚያገኝ አይመስለኝም። ተመልካቹ የጾሙን መግቢያና መፍቻ ከእናቱ ጋር እየቆጠረ ያደገ ነው። ደብረ ዘይት ሲባል ግማሹ እንደደረሰ፣ ሆሳዕና ሲባል ሳምንት እንደቀረ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። በመንዝና በጣርማ በር በኩል ደግሞ ሌላ ጭንቅ ይደረብበታል፤ ጾሙ ከበልግ ዘር ጋር ይገጥማል። የጥቅምት ውርጭ ባቄላውንና ገብሱን የመታበት ገበሬ የካቲት ላይ ጎታው ውስጥ ዘር ብቻ ይቀረዋል። ዘር እያለ ይራባል፤ ዘሩን ከበላ ደግሞ ለከርሞም ይራባል። «ዘሩን በላ» መባል ከረሃቡ ይከብዳል።

የእኛ ፊልሞች እዚህ ላይ የሚያጠፉት ጥፋት መሶቡን ቸኩለው መክፈታቸው ነው። ገና በመጀመሪያው ትዕይንት የተቀደደ ልብስ፣ የሚያስል አባት፣ ከኋላ ዋሽንት። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ የሚደብቀው ምን ቀረው? ቀድሞ የታየ ገመና ገመና አይደለም። ችግሩን የሚሸሽግ ሰው ደግሞ ከሁሉ ሰው ይበልጥ የታጠበ፣ ከሁሉ ይበልጥ የተተኮሰ ልብስ ይለብሳል፤ ቤቱ ከጎረቤቱ ቤት ይልቅ በእበት የተለቀለቀ ነው። ካሜራው ማሳየት ያለበት ድህነቱን ሳይሆን የመሸፈኑን ሥራ ነው፤ ማን በስንት ሰዓት ተነሥቶ፣ በየትኛው ዕቃ፣ ከማን ዐይን ነው የሚሸፍነው? ይህ ሥራ እንደ ማንኛውም ሥራ መሣሪያ አለው፣ ሙያ አለው፣ የሚበላሽበትም መንገድ አለው። ተመልካቹ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ጎረቤቱ እንደሚታለለው መታለል አለበት።

ሥራውን በቅጡ ያሳዩ ፊልሞች አሉ። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1952 በሠራው «ኡምቤርቶ ዲ» ላይ አንድ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ለልመና እጁን ለመዘርጋት ይሞክራል። አላፊው ገንዘብ ሊሰጠው ሲል መዳፉን ገልበጥ ያደርገዋል፤ ዝናብ ይጥል እንደሆነ የሚሞክር ሰው ይመስላል። ቀጥሎ ባርኔጣውን ለውሻው አሲዞ ራሱ ይደበቃል። የሚያውቀው ሰው ብቅ ሲል ውሻው እየተጫወተ እንደሆነ አድርጎ ያልፋል። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። አንድ መዳፍ ከላይ ወደ ታች ሲገለበጥ ነው ሙሉ ታሪኩ። ያው ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ1948 በሠራው «የብስክሌት ሌቦች» ላይ ሚስት የአልጋ አንሶላዎቿን ገፍፋ ለመያዣ ትሰጣለች፤ የመደብሩ ሠራተኛ ጥቅሉን ይዞ መደርደሪያውን ሲወጣ የሌላ ሰው አንሶላ እስከ ጣራ ተከምሮ እናያለን። ስንት ቤት ያለ አንሶላ እንደሚያድር የሚናገር ሰው አያስፈልግም።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የኢራናዊው የማጂድ ማጂዲ «የሰማይ ልጆች» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራ። ወንድም የእኅቱን ጫማ ይጥላል፤ አባት መግዣ እንደሌለው ስለሚያውቁ ሁለቱ ልጆች አንዱን ሸራ ጫማ በፈረቃ ይጫሙታል፣ እሷ በጠዋት፣ እሱ ከሰዓት። በፈረቃ ለሚማር የእኛ አገር ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ልብ የሚባለው አባት ባለበት ክፍል ውስጥ ልጆቹ የሚጨቃጨቁበት ቦታ ነው፤ የቤት ሥራ የሚሠሩ መስለው ደብተር ላይ እየጻፉ ይቀባበላሉ። አባትየው በበኩሉ ለመስጊድ የሚሆን ስኳር እየሰባበረ ሳለ ለገዛ ሻዩ ስኳር አምጪ ይላል። ልጅቷ ከፊቱ ያለውን ክምር ስታሳየው አደራ ነው ይላታል። አደራን ለሚያውቅ ሰው ይህ አባት ማን እንደሆነ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ተጨርሷል። ልጆች ከወላጅ፣ ወላጅ ከጎረቤት ሲሸሽጉ ደግሞ ቤቱ ራሱ ሁለት አጥር ይኖረዋል።

«ቶክዮ ሶናታ» (ኪዮሺ ኩሮሳዋ፣ እ.ኤ.አ. 2008) የከተማው ዓይነት ነው። ከሥራ የተባረረ አባት በየጠዋቱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ እንደሱ የተባረረ ጓደኛው ስልኩ በራሱ ጊዜ እንዲጠራ አድርጎ ሥራ የበዛበት ይመስላል። የደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች መበርከት ይህን ታሪክ ወደ እኛም አቅርቦታል፤ በፈረቃ ሰርቪስ የሚሄድ ሰው ፈረቃው ከቆመበት በኋላም ያንኑ ሰዓት ጠብቆ ከቤት መውጣት ይችላል።

ወደ ደጋው ልመለስና የሽፋኑን መሣሪያዎች ልዘርዝር፤ የዚህ ዓይነት ፊልም በዕቃ ነው የሚቆመው።

እንጀራው። ከላይ ሁለት ነጭ የምንጃር ጤፍ እንጀራ፣ ከሥሩ የገብስ። እንግዳ የሚያየው የላዩን ነው፣ ቤተሰቡ የሚበላው የሥሩን። ለካሜራ ሲሠራ የሚበላሸው የገብሱ ነው፤ የገብስ እንጀራ ባደረ ቁጥር ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ጠዋት የተቀረጸው ከሰዓት በኋላ ከተቀረጸው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ለአንድ የማዕድ ትዕይንት ለእያንዳንዱ ቴክ (ለአንድ የቀረጻ ሙከራ) ሁለት የጤፍና ሦስት የገብስ ተቆጥሮ በዚያው ዕለት መጋገር አለበት፤ ስድስት ቴክ ከታሰበ 12ና 18 ማለት ነው። ክምሩን ከፍ ለማድረግ ከሥር ሰሃን መድፋት የቤተሰቡም የዕቃ ኃላፊውም ዘዴ ነው። ልዩነቱ ቤተሰቡ ሰሃኑ እንዳይንኳኳ ጨርቅ ማልበሱ ነው፣ ያቺ ጨርቅ ደግሞ አንድ ጊዜ መታየት አለባት።

ጠላው። ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ ተራው ሲደርስ አይቀርም፤ ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔዓለም በ27። ጌሾው ተጠንስሶ፣ ቂጣና ብቅሉ ገብቶ ድፍድፍ ሆኖ፣ አሻሮ ተጨምሮበት፣ ውኃ ተሞልቶ እስኪደርስ አንድ ሳምንትም ከዚያ በላይም ይፈጃል። እህል የሌለው ቤት የፊተኛውን ቀድቶ በአተላው ላይ ዳግመኛ ውኃ ይሞላና ቅራሪ ያወጣል። የፊተኛውን ማን እንዲጠጣ፣ ቅራሪው ለማን እንዲቀዳ መምረጥ የእናትየው ጥበብ ነው፤ ለቄሱና ለማኅበሩ አለቃ ለሙሴው ጉሹ፣ አፉ ለማይታመነውም ጉሹ፣ ለዘመድ ቅራሪው። ዘመድ ይችላል፤ ቀምሶ ዝም ይላል። በፊልም ላይ ጉሽና ቅራሪ በቀለም ብዙ አይለዩም፣ በተለይ በጨለማ ቤት። ልዩነቱን መሸከም ያለበት የጠጪው ፊት ነው፤ ስለዚህ እናቲቱ ስትቀዳ ጠጪውን ስታይ እንያት፤ ማንቆርቆሪያውን አይደለም።

በርኖሱ። የመንዝ ጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ በርኖስ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ስለሚወርድ ከሥሩ ሸሚዝ ይኑር አይኑር አይታወቅም። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በ2,800 ሜትር ላይ፣ በርኖስ የለበሰ ሰው የተከበረ ሰው ነው። አሁን ይህን ሰው መኪና ላይ እናሳፍረው፤ ጣሊያን የቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢት ይግባ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ሁሉም ሰው ሲያወልቅ እሱ ማውለቅ አይችልም። «ጋሼ፣ ኧረ ይጣሉት፣ ይሞቅዎታል!» የሚለው ደግ ሰው እዚህ ላይ ከጠላት ይብሳል። ይህ ትዕይንት ላብ እንጂ ቃል አይፈልግም። ላቡን በሚረጭ ውኃ መሥራት በቅርብ ሾት ያታልላል፤ ግን ውኃ ቶሎ ይደርቃል፣ ግሊሰሪን ጠብ ተደርጎበት ከሆነ ይቆያል።

ጋቢው። ነጠላ ሁለት እጥፍ፣ ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ስፌቱ በሌሊት ቢፈታ ለሁለት ሴት ልጆች የቤተ ክርስቲያን ነጠላ ይወጣዋል። የሚያጋልጠው ውፍረቱ ነው፤ የጋቢ ፈትል ከነጠላ ፈትል ይወፍራል፣ ከሩቅ ባይለይም ቅዳሴ ላይ አጠገብ የቆመች ሴት በጣቷ ታውቀዋለች። ስለዚህ ትዕይንቱ የጣት ትዕይንት ነው።

ስለ ጭሱ ብዙ አልልም። ማታ ከጣራው ጭስ ያልወጣበት ቤት ወሬ ይወጣበታል፤ ኩበት ብቻውን ሲነድም ያው ጭስ ነው። ምድጃው ላይ ምን እንደተጣደ ጭሱ አይናገርም።

አንድ ትዕይንት ግን ከሁሉ በላይ ይነዝረኛል። ዘሩ ተበልቷል። ጎረቤት ሁሉ በልግ እየዘራ ነው። አባት በሬ ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ከዚያ የዘር ዕቃውን በክንዱ ይዞ እየተራመደ እጁን ይበትናል። ባዶ እጅ። ከአምሳና ከመቶ ሜትር ርቀት ዘር የሚበትን እጅና አየር የሚበትን እጅ አንድ ናቸው። ካሜራው ከጎረቤቱ ማሳ ላይ፣ በረጅም ሌንስ፣ በጎረቤቱ ዐይን ቁመት ይቁም፤ ወደ እጁ ለመቅረብ አይቸኩል። የሚቀጥለው ጭንቅ የቀን ቆጠራ ነው፤ እርጥበት ካለ ገብስ በሳምንት በአሥር ቀን ብቅ ይላል፣ በብርድ ትንሽ ይዘገያል። ውሸቱ የሚያበቃበት ቀን ተቆርጧል። አባትየው ከዚያ በፊት ወፍን ወይም ውርጭን መክሰስ ይኖርበታል። ተዋናዩ ግን እጁ ባዶ ሲሆን ይቸኩላል፤ እፍኝ ሲይዝ ጣቶቹ የሚከፈቱበት ጊዜ ይለያል። ስለዚህ መጀመሪያ እውነተኛ ገብስ ይዞ ማሳውን ሦስት አራት ጊዜ ይመላለስበት፣ ክንዱ ከለመደ በኋላ እህሉን ይቀሙት።

የእንግዳ ትዕይንትም መዝለል አይቻልም፤ እዚያ ላይ አማርኛ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። አስተናጋጇ «አፈር ስሆን፣ በሞቴ!» ስትል እንግዳው እንቢ እንዲላት እየጸለየች ነው። እንግዳው «አሁን ገና ከምሳ ተነሣሁ» ሲል ደግሞ ርቦታል። ሁለቱም ይዋሻሉ፤ ሁለቱም እንደሚዋሹ ያውቃሉ። ጸሐፊዎች ሦስተኛውን ግብዣ ሁልጊዜ ይቆርጡታል፣ ለማሳጠር ሲሉ። ስሕተት ነው፤ በአንድና በሁለት ልመና እንቢ ማለት ወግ ነው፣ በሦስተኛው ላይ ዝም ያለ ሰው ግን ሊበላ ነው። ፍርሃቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለችው ትንፋሽ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ልጅ ገብቶ «እማዬ፣ እኛስ?» እንዲል የሚያደርግ ጸሐፊ አለ። ይቅርታ ይደረግልኝና የደጋ ልጅ እንዲህ አይልም። እንግዳ ካልጠራው ወደ መሶቡ አያይም፤ ዐይኑን ወደ ምድጃው ይመልሳል፣ እናቱም ታየዋለች።

ሽታ ለፊልም ሁልጊዜ ችግር ነው። የቦንግ ጁን ሆ «ፓራሳይት» (እ.ኤ.አ. 2019) የዘየደው ነገር ሽታውን በአፍንጫ ሳይሆን በሰው ፊት መቅረጹ ነው፤ ድሆቹ ልብሳቸውን ቢለውጡም የቤታቸው ሽታ ይከተላቸዋል፣ አሠሪው አፍንጫውን ሲይዝ እናየዋለን። በፋሲካ ሌሊት የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሽታ አለመኖሩ ነው የሚያጋልጠው። ለአንድ ዶሮ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይቁላላል፤ ዶሮ የሌላት ሴት ሁለትና ሦስት ራስ ሽንኩርት በበርበሬ አቁላልታ በሯን ገርበብ ታደርጋለች። ቀጥሎ የጎረቤት ልጅ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ቆም ብሎ ያሽትት። ሌላ አያስፈልግም። 12ቱ ብልት የት እንዳለ ልጁ አይጠይቅም።

ቀረጻው ላይ ስለሚያጋጥመው ደግሞ። ሌሊቱን ውጭ ያደረ ካሜራ ጭስና ሙቀት ወዳለበት ቤት ሲገባ ሌንሱ ላብ ያወጣል፤ ከቦርሳው ሳይወጣ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይቆይ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፣ ትርፉን ደረት ኪስ ውስጥ መያዝ ነው። አምፖል ካለበት ቤት መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲቀረጽ ሸተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ካልሆነ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። ቆርቆሮ ጣራ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ይንኳኳል፤ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሹክሹክታ ንግግር ፀሐይ ጣራውን ሳይነካው ወይም ማታ ነው የሚቀረጸው። የድንጋዩ ባለ ጓሳ ክዳን ቤት በድምፅ በኩል ወርቅ ነው፣ በብርሃን በኩል መከራ፤ በሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ከበሩ ውጭ ነጭ አቡጀዲ ወጥሮ ብርሃኑን ወደ ውስጥ መመለስ ከመብራት ይሻላል። ሰው በሩ ላይ በቆመ ቁጥር ቤቱ ይጨልማል። ይህን ለማስተካከል መሞከር ሞኝነት ነው። ጎረቤት ደጃፍ ላይ ሲቆም ቤቱ ውስጥ መጨለሙ ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ሎኬሽኑ ነው። ቤቱን ልታዩ ስትሄዱ እንዳለ ታዩታላችሁ፤ የቀረጻው ዕለት ስትመለሱ ግድግዳው ተለቅልቋል፣ ከጎረቤት ስድስት አዲስ ሲኒ ተውሷል፣ የጥምቀት መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ለመላው ቡድን ቡና ተፈልቷል። ዳይሬክተሩ ይናደዳል። ስለምን? ፊልም ሊሠራበት የመጣው ነገር እፊቱ ተደርጎለት። የተውሶው ሲኒ ይቀረጽ። ኮንቲኒቲው (የሾቶቹ እርስ በርስ መግጠም) የሚያሳስበው ሰው ዋዜማውን ሄዶ ያድርና እየለቀለቁ ሳሉ ይቅረጽ። ቤቱን «የድሃው ቤት» ብሎ በጥሪ ወረቀት (በዕለቱ የቀረጻ ፕሮግራም) ላይ መጻፍ ግን አይገባም፤ ወረቀቱ መሬት ወድቆ የባለቤቲቱ ልጅ ያነበዋል። «የእትዬ ቤት» ይባል፣ ይበቃል። ኪራዩም በጓሮ ለባለቤቲቱ እጅ ይሰጥ፤ ሰው ፊት ሲቆጠር ያለቀ ነገር ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት በፋሲካ ጠዋት ነው። ቁሌቱ ያታለለው ጎረቤት ከቅርጫው ድርሻው በሰሃን ሥጋ አድርጎ፣ በሌላ ሰሃን ከድኖ በልጁ ይልካል። የተከደነ ሰሃን በተከደነ ቤት ይገባል። ሥጋው ችግር አይደለም፤ ችግሩ ሰሃኑ ነው፣ ባዶውን አይመለስም። እናት ከአባትየው የደበቀችው ሁለት እፍኝ ዘር አለ፤ ባዶ እጁን ሲበትን የነበረው ሰው ይህን አያውቅም። ገብሱን በውኃ ታርሰዋለች፣ ሙቀጫ ውስጥ ትፈትገዋለች፣ ታነፍሰዋለች። የሙቀጫው ድምፅ አባትየውን ከደጅ ያስነሣዋል። ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ ይደርሳል። እዚህ ላይ ሙዚቃ አይግባ፤ የቆሎው ድምፅ ከጀመረበት እስኪያበቃ ሾቱ አይቆረጥ፣ ሦስት ደቂቃ ቢሆንም። ከዚያ ሰሃኑ ይሞላል፣ በሌላው ሰሃን ይከደናል፣ ልጁ እጅ ላይ ይቀመጣል። «ለእናትህ፣ እንኳን አደረሳችሁ በልልኝ።»